የዶሮ መሰላል

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁል ሲወረድ ጆሮ ይደፈናል፤ ደብረ ሲና ላይ ሹራብ ይወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ሰው ቆዳውንም ማውለቅ ያምረዋል። ባለፈው ኅዳር ሚኒባሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ሲያወርደኝ፣ ሙቀቱን ከማማረሬ በፊት ሽታው ቀደመኝ፤ የእሸት ማሽላ ሽታ። ወተት ወተት፣ ሣር ሣር የሚል ነው። እዚያ ያላደገ ሰው ልብ አይለውም፤ እኔን ግን እጄን ይዞ ልጅነቴ ድረስ ወሰደኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። አክስቴ እትዬ ሐዋ ጉንጬን እያገላበጠች ከሳመችኝ በኋላ፣ «አይ ክሳት! ደብረ ብርሃን የሚበላው ብርድ ነው እንዴ?» ብላ ተቆጣች። የእናቴ ባል ይመር ደግሞ ከጥላው ሥር ቀስ ብሎ ተነሳና እጄን ጨበጠኝ።

«ጎማው ደህና ነበር?» አለኝ።

«የምን ጎማ?»

«የመጣሽበት መኪና ጎማ ነዋ። ቁልቁለቱ ጎማ ይበላል።»

«ደህና ነበር።»

«ጥሩ» አለና ወደ ፍየሎቹ ሄደ።

እንግዲህ ይህ ሰው «በጣም ናፍቀሽኛል» ማለቱ ነው። እኔ ቋንቋውን አውቀዋለሁ። በቀላሉ ግን አልተማርኩትም፤ አንድ የማሽላ ወቅት ሙሉ ፈጅቶብኛል።

ወደ ጓሮ ዞር ስል ማንጎው ላይ የተደገፈ አሮጌ መሰላል አየሁ። ዶሮዎቹ እየተገፋፉ እየወጡበት ወደ ማደሪያቸው ይሄዱ ነበር። ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮት መጣ። ያን መሰላል የሠፈሩ ወንዶች በሙሉ «የዶሮ መሰላል» ብለው ሲያላግጡበት እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ። ይኸው እውነትም ዶሮ ወረሰው።

ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። የወለደኝ አባቴ መልኩን ሳላውቀው በወባ ሞቷል፤ አላህ ይማረው። ቤታችን የሴት ቤት ነበር፦ እናቴ ዘይነባ፣ ታላቅ እህቷ እትዬ ሐዋ፣ እኔ፣ ፍየሎቹም ሳይቀሩ ሴቶች። እትዬ ሐዋን ባሏ «ወደ አፋር ለንግድ ወርጄ እመለሳለሁ» ብሏት በዚያው የጠፋባት ሴት ናት። ከዚያ ወዲህ ስለ ወንድ ክፉ ሳትናገር ጀንበር ጠልቃ አታውቅም።

«ወንድ እንግዳ ነው» ትላለች ማሾ እየለቀመች። «እስኪጠግብ ነው። ሲጠግብ ጫማውን ይፈልጋል።»

ወይም ደግሞ፣ «ወንድ ምን ልብ አለው? ልብ ያለበት ቦታ ላይ ሁለተኛ ሆድ ነው ያለው።»

እኔም ወንድ የሚባለውን ፍጥረት ያወቅሁት በእሷ አፍ ነው። ጅብን ሳያዩ በተረት ብቻ እንደ ማወቅ ማለት ነው። መንገድ ላይ ፂማም ሰው ካየሁ እናቴ ነጠላ ሥር እገባ ነበር።

ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ደግሞ ክፉ ዓመት ነበር። ማሽላችንን ግሪሳ በላው። ግሪሳ ከድንቢጥ የማትበልጥ ወፍ ናት፤ አንዷን ለብቻዋ ብታዩዋት ታሳዝናችኋለች። መንጋው ግን በአዋሽ በኩል እንደ ጭስ ይመጣና የወረደበት ማሳ ላይ አገዳውን ብቻ ለታሪክ አስቀምጦ ይነሳል። ማማ ላይ ወጥቶ የሚጠብቅልን ሰው አልነበረንም። እናቴና እትዬ ሐዋ ከሥር ሆነው ጣሳ ሲቀጠቅጡ ዋሉ፤ ወፎቹ ግን ከበላያቸው ሆነው ምሳቸውን በሉ። ያን ዓመት ፍየሎቹ አንድ በአንድ ተሸጡ።

አዲስ አበባ ያለች የእናቴ ዘመድ ይህን ሰምታ፣ «ልጅቷን ስጪኝ፤ እያገዘችኝ ትማራለች» ብላ ላከች። «እያገዘችኝ» ማለት ምን እንደሆነ ሠፈራችን ያውቃል። እንደዚያ ተብለው ከሄዱት ልጆች ደብተር ይዛ የተመለሰች አላየንም። እናቴ አልደበቀችኝም፤ ፊት ለፊቴ ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ።

«ዘንድሮ ማሽላው ከዳነ እዚሁ ትማሪያለሽ። ዘንድሮም ወፍ ከበላው ግን፣ ልጄ፣ በረሃብ ከምገድልሽ ትሄጃለሽ።»

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽላውን እንደ እህል አላየሁትም። እያንዳንዱ አገዳ ላይ የተንጠለጠልኩት እኔው ነበርኩ። ጧት ጧት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ሄጄ ራሱን እዳብሰዋለሁ።

ነሐሴ ላይ እናቴ ይመርን አገባች። ከካራቆሬ በኩል የመጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። ኒካሑ እንደታሰረ አንድ መጥረቢያ፣ አንድ ወንጭፍና አንድ የተጠገነ ጃንጥላ ይዞ ገባ። እትዬ ሐዋ ዕቃውን ከላይ እስከ ታች ቃኘችውና፣ «ሲሄድ የሚከብደው ነገር የለም» አለች፤ እሱ እየሰማ።

ይመር ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ስላችሁ ቁጥብ ማለቴ እንዳይመስላችሁ፤ በልቶ «አልሐምዱሊላህ» ካለ የዕለቱን ወሬ ጨርሷል ማለት ነው። ከበሬ ጋር ሲሆን ግን ሌላ ሰው ይሆናል። እያረሰ ያወራዋል፤ ይጠይቀዋል፣ ራሱ ይመልስለታል፣ ተሳስቶ ከሆነም ይቅርታ ይለዋል።

«አየሽልኝ?» ትለኛለች እትዬ ሐዋ። «ለበሬ የተረፈ ምላስ ለሰው አልተረፈም።»

እኔ እንደሚጠላኝ እርግጠኛ ሆንኩ። የእንጀራ አባት ደግሞ ሥራው መጥላት ነው፤ ይህን ማን ያጣዋል? ስለዚህ በምንም ስም አልጠራሁትም። ጋሼ አልልም፣ አባባ አልልም። እናቴ «ሂጂ፣ ምሳ ደርሷል በይው» ስትለኝ ሄጄ ፊቱ እቆምና አስላለሁ። እሱም ሳሌን ሰምቶ ይነሳል። ለብዙ ጊዜ የተግባባነው በሳል ነው።

በዚያው ሰሞን ቤታችን ውስጥ ተአምር መታየት ጀመረ። ስንከፍተው እንደ አህያ የሚያናፋው በራችን ዝም አለ። ውሃ ስቀዳ ትከሻዬን የሚቆርጠኝ የጀሪካን ገመድ አንድ ጧት የፍየል ቆዳ ተጠቅልሎበት አገኘሁት። የተበጠሰው ጫማዬ ተሰፍቶ ደፍ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ሐዋ ጁምዓ ጁምዓ መላኢካ ቤት ይጎበኛል ስትል ስለሰማሁ፣ መላኢካ ነው ብዬ አመንኩ። እንዲያውም አንድ ሐሙስ ማታ የዕርሳሴ መቅረጫ እንደጠፋ ጮክ ብዬ ለግድግዳው ተናገርኩ። በማግስቱ ዕርሳሴ በጩቤ ተቀርጾ አደረ። መላኢካ ጩቤ ይዞ እንደሚዞር ማሰቡ ትንሽ አስፈራኝ እንጂ ይመርን ጨርሶ አልጠረጠርኩትም።

መስከረም ሲያልቅ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ ይመር ቀጥ ያለ ዱላና ከሰል ይዞ ጠበቀኝ።

«ቁሚ» አለኝ።

ቆምኩ። ዱላውን አጠገቤ አቁሞ በጉልበቴ ልክ በከሰል ምልክት አደረገ።

«እግርሽን አንሺ። እንደሱ አይደለም፤ ሳትንጠራሪ።»

አነሳሁ። አሁንም ምልክት አደረገ። ከዚያ ዱላውን አየት አድርጎ፣ መጥረቢያውን ይዞ ወደ ወንዝ ወረደ።

እየሮጥኩ ወደ እትዬ ሐዋ ሄድኩ። «ለካኝ!» አልኳት።

እሷም ማሾዋን ትታ ቀና አለች። «ሰው የሚለካው ልብስ ሊሰፋለት ነው። ልብስ የሚሰፋለት ደግሞ መንገደኛ ነው» አለችና ከንፈሯን መጠጠች። «ይኸው፣ አላልኩሽም?»

አለቀልኝ አልኩ። ማሽላው እንኳ ሳይደርስ፣ ወፉ እንኳ ሳይመጣ ሊልከኝ ነው። ማሳው ውስጥ ገብቼ አገዳ አቅፌ አለቀስኩ። ልብሱ ምን ዓይነት ይሆን ብዬም አሰብኩ፤ ልጅ ነኝና ቀይ ጨርቅ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ልብሱ ግን አልመጣም። ጥቅምት ገባ፣ ማሽላው ወተት ያዘ፣ በየማሳው ማማ መተከል ጀመረ። ማማ ማለት በረጃጅም የግራር እንጨቶች ላይ የተሠራ ቆጥ ነው፤ ጠባቂው እላዩ ላይ ቆሞ ወፍ የሚያባርርበት። ይመርም የእኛን ተከለ። ማማው እንደማንኛውም ማማ ነበር። መሰላሉን ሲያቆም ግን የጎረቤት ወንዶች ሥራቸውን ትተው መጡ። የመወጣጫ እንጨቶቹ በጣም የተቀራረቡ ነበሩ። አንድ አዋቂ ሰው ቢወጣበት እንደ ሕፃን መዳህ ነበረበት።

ከወንዶቹ መካከል ማሳው ከእኛ ጋር የሚዋሰነው አህመዴ ነበረ። ድምፁ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ሰው ነው። መሰላሉን ሲያይ ሆዱን ይዞ ተንከተከተ።

«ይመር! ማሽላ በዶሮ ልታስጠብቅ ነው እንዴ? ወላሂ ይህ የዶሮ መሰላል ነው!»

«ምነው፣ ዶሮ ነፍስ የላትም?» አለ ይመር ቋጠሮውን እያጠበቀ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ከዳር ሆኜ አፈርኩለት። መሰላል መሥራት እንኳ የማያውቅ ሰው ነው የገባብን አልኩ በልቤ። ወንዶቹ ሲበተኑ ዞር ብሎ አየኝ።

«ውጪ» አለኝ።

እግሬን መጀመሪያው እንጨት ላይ አስቀመጥኩ። ሁለተኛው እግሬ ሳልፈልገው ራሱ ቦታውን አገኘ። የሌሎቹን መሰላል ስንወጣ እኛ ልጆች ምሰሶ አቅፈን ሆዳችን እየተፋቀ ነበር። በዚህኛው ግን መንጠራራት የለም፣ መንሸራተት የለም፤ እንጨቶቹ አንድ በአንድ እግሬን ይቀበሉታል። መሐል ላይ ስደርስ ቆምኩ። ዱላው ትዝ አለኝ። ከሰሉ ትዝ አለኝ። «ሳትንጠራሪ» ያለው ትዝ አለኝ።

አፌን ከፍቼ የሆነ ነገር ልለው ፈለግሁ። ግን በምን ስም ልጥራው? የለመድኩትን አደረግሁ፤ አሳልኩ።

«ብርድ መታሽ?» አለኝ ከታች። «ላይ ነጠላ አለ።»

በዚያች ቅጽበት ስለ በሩ፣ ስለ ጀሪካኑ ገመድ፣ ስለ ዕርሳሱም ገባኝ። ሊልካት ያሰበ ሰው ለልጅቷ መሰላል አይሠራም። መላኢካው ሽርጥ የለበሰ፣ ፂሙ የሸበተ፣ ከበሬ ጋር የሚያወራ ሰው ሆኖ ተገኘ። እውነቱን ንገሪ ካላችሁኝ ትንሽ ቅር ብሎኛል፤ ክንፍ ያለው ነበር የጠበቅሁት።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት መልስና በቅዳሜ ማማው ላይ ነው የምውለው። እትዬ ሐዋ መጀመሪያ ጮኸች። «ሴት ልጅ እንደ ጉሬዛ እንጨት ላይ ተንጠልጥላ! ጎረቤት ምን ይላል?»

«ዓይኗ ጥሩ ነው» አላት ይመር። ክርክሩ በዚሁ አለቀ። ሌላ የምትከራከረው ቃል አልሰጣትማ።

ወንጭፍ ያስተማረኝ እሱ ነው። እናቴ አንድ ነገር ስታስተምረኝ እጄን በእጇ ይዛ ነው፤ ስሳሳት «አይዞሽ»፣ ስስተካከል «ጎሽ የኔ ዓለም» እያለች ነው። ይመር አንድ ጊዜ አሳየኝ። ድንጋዩን እዚህ፣ ጣቱን እዚያ፣ ዙሪያውን እንዲህ። ከዚያ ወንጭፉን ሰጥቶኝ ጀርባውን አዞረ። እኔ ስወነጭፍ ድንጋዩ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስወነጭፍ ገመዱ ጆሮዬን ይገርፈኛል። እሱ የጣርማ በርን ተራራ ያያል። ምን ዓይነት ደንታ ቢስ ነው ብዬ በንዴት አለቀስኩ። በንዴት እያለቀስኩ ሞከርኩ። አንድ ጊዜ ድንጋዩ እየፏጨ ከማሳው ዳር አልፎ ሲሄድ ግን ፊቱን ሳያዞር፣ «እሱ ነው» አለ። ለካ ጆሮው እኔ ጋ ነበር። ዓይኑን ያነሳልኝ ስሳሳት እንዳላፍር ነው።

ስወድቅ እናቴ ሮጣ ታነሳኛለች። እሱ «ተነሺ» ይለኛል። ድሮ የመጀመሪያው ብቻ ፍቅር ይመስለኝ ነበር። ያን ወቅት ሁለተኛውም ፍቅር እንደሆነ ተማርኩ፤ አንዱ ብቻ ቢኖረኝ ኖሮ ወይ ልቤ ይደርቅ ነበር ወይ እግሬ አይጠነክርም ነበር።

ማማዎቹ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ጧት ከሱብሂ ሰላት በኋላ ወንዱ ሁሉ በየማማው ይወጣና ከወንዙ በኩል ያለው አንደኛው ጎረቤቱን ይጣራል። «የእገሌ ማማ! ተይዟል?» ያ «ተይዟል!» ብሎ የሚቀጥለውን ይጠራል። እንዲህ እያለ ጥሪው ከማሳ ማሳ ይተላለፋል። ዝም ያለ ማማ ካለ ሰውየው ታሟል ማለት ነውና ጎረቤቱ ሄዶ ያየዋል። ሁለተኛው ሕግ፣ ግሪሳ የወረደበት ማሳ የሁሉም ማሳ ነው። መንጋው አንዱ ላይ ከወረደ ወንዶች ሁሉ የራሳቸውን ትተው ወደዚያ ይሮጣሉ። የፈለገ ቂም ቢኖር ይሮጣሉ።

ቂም ስል፣ ይመርና አህመዴ ጥቅምት መጨረሻ ላይ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣሉ። ማሳው ዳር ቆመው አካፋ ይዘው ሲጯጯሁ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

«አንተ የውሃ ሌባ!»

«ሌባስ አንተ! አባትህም ሌባ ነበር፣ አላህ ይማረው!»

ያ ዝምተኛ ሰው እንዲህ ሲያገሳ ሰምቼ አላውቅም። እየሮጥኩ እናቴ ጋ ሄድኩ፤ «ሊገዳደሉ ነው!» አልኳት። እሷ ሽንኩርቷን ከመኮትኮት ቀና አላለችም።

«ይበርድላቸዋል። የወንድ ጠብ የሮቢ ወንዝ ጎርፍ ነው፤ ሲመጣ ቤት ይዞ የሚሄድ ይመስላል፣ በማግስቱ ልብስ ታጥቢበታለሽ።»

ያን ሌሊት ሁሉ ደም በሕልሜ ሳይ አደርኩ። ጧት ላይ የአህመዴ ድምፅ ቆላውን ሰነጠቀው። «የይመር ማማ! ተይዟል?»

«ተይዟል!» አለ ይመር፣ እንደ ወትሮው። ረፋድ ላይ ደግሞ ሁለቱ በአንድ ሳህን ቂንጬ ሲበሉ አገኘኋቸው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ምክንያቱም እትዬ ሐዋና የአህመዴ ሚስት እትዬ ፋጤ በአንድ ወንፊት ምክንያት ከተኮራረፉ ቆይተዋል፤ ፋጤ ተውሳ የወሰደችውን ወንፊት «መልሻለሁ» ትላለች፣ ሐዋ «ወላሂ አልመለሰችም» ትላለች። በውሃ መቅጃው መንገድ እንኳ አንዷ ስትመጣ ሌላዋ ፊቷን ታዞራለች።

«እትዬ፣ እናንተስ ለምን እንደነሱ አትሆኑም?» አልኳት።

«ወንዶች ጠባቸውን የሚረሱት ልብ ስለሌላቸው ነው» አለች ኮስተር ብላ። «እኛ ቢያንስ ማስታወስ እናውቃለን።»

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ግሪሳው መጣ።

ማማው ላይ ከይመር ጋር ነበርኩ። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው። በአዋሽ በኩል ሰማዩ ላይ ትንሽ ጭስ የመሰለ ነገር አየሁ፤ ጭሱ ደግሞ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ይመርም አየው። ወንጭፉን ከትከሻው አወረደ። መንጋው በላያችን ሹክ እያለ አልፎ የአህመዴ ማሳ ላይ ወረደ።

«ወረዱብኝ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። «ያገሬ ልጆች፣ ወረዱብኝ!»

ይመር የራሱን ወንጭፍ እጄ ላይ አስቀመጠ። «ማማውን ያዢ» አለኝና ጅራፉን ይዞ በመሰላሉ ወረደ፤ ያን የዶሮ መሰላል እግሩ እየተጠላለፈበት ሳይጨርሰው ዘሎ ሮጠ።

እትዬ ሐዋ ከታች ጣሳ ይዛ ነበረች። አበደች። «አንተ ይመር! ኧረ አንተ ሰው! የራስህን ትተህ የሰው ማሳ ልታድን? ይኸው! ወንድ ማለት ይህ ነው! እንኳን ሂድ ተብሎ!» እሱ ግን ዞር አላለም። ከየማሳው ወንዶች ሽርጣቸውን እየሰበሰቡ ወደ አህመዴ ሲሮጡ ከላይ ይታየኛል፤ ሽማግሌውም ጎረምሳውም፣ የተጣላውም የተፋቀረውም።

እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ማሳው ሁሉ ከእግሬ ሥር ተዘርግቷል፤ ይህ ከተበላ የምሄደው እኔ ነኝ። ለምን ጥሎኝ ሄደ? ከዚያ «ያዢ» ያለኝ ትዝ አለኝ። «ጠብቂኝ» አላለኝም፣ «እመለሳለሁ» አላለኝም። ያዢ ነው ያለኝ። ለአዋቂ ሰው እንደሚባለው።

ወንዶቹ የአህመዴ ማሳ ላይ ጅራፍ ሲያስጮኹ መንጋው ተነሳ። ተነሳና በአንድ ጊዜ ወደ እኛ ዞረ።

ወነጨፍኩ። የመጀመሪያው ድንጋይ መንጋውን ሰንጥቆ አለፈ፤ ቀዳዳ ተከፈተ፣ ወዲያው ተዘጋ። ደግሜ ወነጨፍኩ። ከታች እናቴ በርሜል ትደበድባለች፣ ትጮኻለች፣ «ያ አላህ! ያ አላህ!» ትላለች። የማሳው ዳር ላይ መውረድ ጀመሩ። ያን ጊዜ እትዬ ሐዋ ጣሳዋን ወርውራ በባዶ አፏ ተነሳች።

«እናንተ ባለጌዎች! ማን ጠራችሁ? ማን ብሉ አላችሁ? እንደ ባሌ በልታችሁ ልትጠፉ ነው? ዓይናችሁ ይጥፋ! የወፍ ወንዶች ሁላ!»

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ለዓመታት ያጠራቀመችው ነው። ወላሂ፣ ድንጋዬ ያልነቀላቸው ወፎች በእሷ ስድብ ተነሱ። እትዬ ፋጤ ባዶ ጀሪካን እየደበደበች ድንበሩን አቋርጣ መጣችና አጠገቧ ቆመች። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው እልል ሲሉ፣ ሲራገሙ፣ ደግመው እልል ሲሉ እኔ ከላይ ክንዴ እስኪዝል እወነጭፋለሁ። እነሱ በጩኸት ያነሱታል፣ እኔ በድንጋይ አላስቀምጠውም። መንጋው ግን ብዙ ነው፤ በምሥራቁ ማዕዘን መውረዱን አላቆመም።

ወንዶቹ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ከፊት ማን ነበር ብትሉኝ፣ አህመዴ። በመንገዱ ዞሮ ለመምጣት አልታገሠም፤ ያን ከወፍ የተረፈ የራሱን ማሽላ በዚያ ትልቅ ገላው እየጣሰ ነው የመጣው። ከኋላው ይመር፣ ከኋላው ሁሉም። ማሳችን ውስጥ ጎን ለጎን ተሰልፈው ጅራፉን ባንድ ላይ ሲያስጮኹት መሬቱ የተሰነጠቀ መሰለኝ። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይቀጥላል፤ ማንም ማንንም አያዝም፣ ማንም አይጠይቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለካ ይህ ነው። መንጋው አንድ ጊዜ ተጥመዘመዘ፤ ከዚያ ተነቅሎ ተነሳና ከወንዙ ማዶ ወደ በረሃው ግራር ሄደ። አልተመለሰም።

ጸጥ አለ። ዳር ዳሩ ተበልቷል፤ መሐሉ ግን ራሱን እንደደፋ ቆሟል። ወንዶቹ ላባቸውን እየጠረጉ፣ እየተሳደቡና እየተሳሳቁ ወደየማማቸው ተመለሱ። ይመር ብቻ ከታች ቀርቶ የተበጠሰ ጅራፉን ይቋጥር ነበር። እትዬ ሐዋ ትንፋሿ ሲመለስ ወደ ፋጤ ዞረች።

«ወፉ እንደሆን ሄደ» አለቻት። «ወንፊቴስ?»

«ነገ አመጣልሻለሁ» አለች ፋጤ። ይህን ሁሉ ጊዜ ቤቷ ነበራ!

ከዚያ ከወንዙ በኩል እንደ ጧቱ ጥሪው ተጀመረ። ማን እንደተረፈ ለማወቅ ነው። ከማማ ወደ ማማ እየዘለለ መጣ፣ መጣና አህመዴ ጋ ደረሰ።

«የይመር ማማ! ተይዟል?»

ይመር ከታች ነው። ቀና ብሎ አየኝ። ቆላው ሁሉ መልስ ይጠብቃል። እናቴ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። እኔም የማማው ጠርዝ ላይ ወጣሁና ያለኝን ድምፅ በሙሉ አወጣሁ።

«ተይዟል!»

ከዚያ አህመዴ ማማው እስኪወዛወዝ ሳቀ። «ስሙልኝ! የይመር ዶሮ ጮኸች! ወላሂ ጮኸች!» ከማሳ ማሳ ሳቁ ተቀባበለው፤ ወንዱ ሁሉ ጅራፉን ለክብሬ አስጮኸ፣ ሴቱ እልል አለ። እናቴ ከታች እየዘለለች፣ «አትሄድም! ልጄ የትም አትሄድም!» ትላለች። እትዬ ሐዋ እያለቀሰች ትሳደባለች፤ ማንን እንደምትሳደብ እንኳ አታውቅም። ያን ቀን የይፋት ቆላ በሙሉ የእኔ ነበር።

ይመር መሰላሉን መውጣት ጀመረ። ጉልበቱ አገጩን እየነካው፣ እንደ ትልቅ አንበጣ ተጣጥፎ በልኬ በተሠራው መሰላል ሲወጣ አየሁት። ፊቱ አቧራ ነው፣ ሽርጡ ተቀዷል። አጠገቤ ሲቆም እንደ ልማዴ ልስል ነበር። አልሳልኩም።

«አባዬ» አልኩት፤ «ሄዱ።»

እጄን አየ። «ወንጭፉን ልል አድርገሽ ነው የያዝሽው» አለኝ። «አጥብቀሽ ያዢ።»

ከዚያ ጀርባውን አዞረ። የማማውን ምሰሶ ይዞ ወደ ሰማይ እያየ በጣም ብዙ ቆየ። ትከሻው ይንቀሳቀሳል።

«አባዬ፣ ምን እያየህ ነው?»

«ወፍ» አለኝ።

ሰማዩ ላይ ግን አንዲት ወፍ አልነበረችም።